ጉዲና ቱምሳን ከባሌ ደጋ ማንበብ

ቄስ ጉዲና ቱምሳ የተወለዱት በወለጋ ቦጂ፣ የሠሩት በአዲስ አበባ፣ የተገደሉትም እዚያው በመሆኑ ስማቸው በባሌዎቹ ከተሞች በሮቤና በጎባ ሲነሣ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ያገለገሏት የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስም በባሌ የብዙኃኑ ቤት አይደለችም፤ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ከባሌ ዞን ነዋሪ ከመቶ 82 ያህሉ ሙስሊም፣ 17 ያህሉ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ተከታይ ሲሆን፣ ፕሮቴስታንቱ ከመቶ 1 እምብዛም አያልፍም። ሆኖም ጉዲና በጻፏቸው ጥቂት ገጾች ላይ አንባቢዎቻቸው ከአርባ ዓመት በላይ ያሳደሩት ፍቅርና አክብሮት ምን ላይ እንደቆመ ለመመርመር ከባሌ ደጋ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። በዚህ ምድር የክርስቲያኑ መስቀልና የመሬት መለኪያው ገመድ በአንድ ዘመን፣ በአንድ ወገን እጅ የደረሱ በመሆናቸው፣ ከጭሰኛው ጎን ቆሞ የሚጽፍ ክርስቲያን ቃሉ እዚህ ከሌላው ስፍራ ይልቅ ይፈተናል።

ባሌ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ከተጠቃለለ በኋላ ጎባ የሹማምንትና የወታደር ከተማ ሆነች፤ በዙሪያዋ ያርስና ከብት ያረባ የነበረው የኦሮሞ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ሲሆን፣ ከሰሜንና ከመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል የመጣው ሹም፣ ወታደርና ሰፋሪ ደግሞ አብዛኛው ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የቃላድ ሥራ፣ ማለትም መሬትን በገመድ ለክቶ በጋሻ የመመዝገብ ሥራ፣ በስፋት ሲካሄድ (አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው) መሬቱ ለም፣ ለም-ጠፍ እና ጠፍ ተብሎ እየተመደበ ግብር ተጣለበት። ግብሩን መክፈል ያቃተው፣ ወይም ይዞታውን በስሙ ለማስመዝገብ አቅምና አማላጅ ያጣው ገበሬ መሬቱ ለመንግሥት ገቢ ሆኖ ለሌላ ሲሰጥ፣ ትናንት የራሱን መሬት ያርስ የነበረው ሰው ዛሬ ጭሰኛ ሆነ፤ ጭሰኛ ማለት የሌላውን መሬት እያረሰ ከምርቱ ለባለ መሬቱ የሚያካፍል፣ ባለ መሬቱ በፈለገ ጊዜም ሊያስነሣው የሚችል ገበሬ ነው። ከሰሜን ከመጡትም መካከል ራሳቸው ድሃ ሆነው የኖሩ ብዙዎች እንደነበሩ መዘንጋት የለበትም፤ ግን ገበሬው የሚያየው ዳኛውን፣ ለኪውንና ግብር ሰብሳቢውን ነበርና ሃይማኖታቸውንም አብሮ ቆጠረው።

ባሌ በ1952 ዓ.ም. ከሐረርጌ ተለይቶ ጎባን ዋና ከተማው ያደረገ ጠቅላይ ግዛት ከሆነ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1955 ዓ.ም.፣ ዐመፅ ተነሣ። ከመሪዎቹ ዋነኛው ዋቆ ጉቱ እስከ 1962 ዓ.ም. ድረስ የመንግሥትን ጦር ተቋቁመው ቆዩ። የታሪክ ምሁሩ ገብሩ ታረቀ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት የባሌን ዐመፅ ከትግራይና ከጎጃም ዐመፆች ጋር አስተያይተው መርምረውታል፤ በባሌ የመሬትና የግብር በደል ከብሔርና ከሃይማኖት መገፋት ጋር እንዴት እንደተቋጠረ የሚያሳየው ክፍል በተለይ ደጋግሞ ሊነበብ የሚገባው ነው።

ጉዲና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የሆኑት ይህ ጦርነት ገና ሳይበርድ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 1921 ዓ.ም. የተወለዱት ጉዲና በወጣትነታቸው በነቀምት ሆስፒታል ድሬሰር ሆነው ቁስል አጥበዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ቅስና ተቀብለው፣ ከ1963 እስከ 1966 በአሜሪካ ሚኒሶታ በሉተር ሴሚናሪ ነገረ መለኮት ተምረዋል። ሲመለሱ የተረከቡት ጽሕፈት ቤት ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. በ20,000 ያህል ምእመናን የተመሠረተች፣ ገና ወጣት ግን በፍጥነት የምታድግ ቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት ነበር። በዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው የጻፉት ልብ ወለድ ወይም ወፍራም የነገረ መለኮት መጽሐፍ አይደለም። ያተሙት ስም የሚያስጠራ ድርሳን ሳይኖር ደብዳቤ፣ ሪፖርት፣ ማስታወሻና ሐዋርያዊ መልእክት ብቻ ትተው ያለፉ ሰው እንዲህ መወደዳቸው ያልተለመደ ነገር ነው፤ የቢሮ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ በፋይል ውስጥ ተወልዶ በፋይል ውስጥ የሚሞት ነውና።

ከነዚህ ወረቀቶች ይበልጥ የታወቀው በ1964 ዓ.ም. ግንቦት ወር ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የላከችው፣ በወንጌል ስብከትና በሰው ልጅ ልማት መካከል ስላለው ትስስር የሚናገረው ደብዳቤ ነው። የደብዳቤው ምክንያት በአንድ በኩል ሲያዩት ተራ የገንዘብ ጉዳይ ነበር። የምዕራቡ ዓለም አብያተ ክርስቲያናትና በእነርሱ በኩል የሚያልፈው የመንግሥታት እርዳታ ለጉድጓድ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክና ለእርሻ ፕሮጀክት በቀላሉ ሲፈቀድ፣ ለጉባኤ ሥራ፣ ለወንጌላውያን ሥልጠናና ለጸሎት ቤት ግን አይገኝም ነበር፤ ለጋሾቹ ልማት አንድ ነገር፣ ስብከት ሌላ ነገር ነው ብለው ሁለት መዝገብ ከፍተው ነበርና። ጉዲናና ባልደረቦቻቸው ይህን ክፍፍል የሂሳብ አሠራር ጉድለት ብቻ አድርገው አላዩትም፤ ሰውን ራሱን ለሁለት የሚከፍል ስሕተት አድርገው ተቃወሙት። ረኀብተኛ ሰው ሆድ ብቻ አይደለም፤ የሚያስብ፣ የሚያፍር፣ ተስፋ የሚያደርግ፣ ከአምላኩና ከጎረቤቱ ጋር የሚኖር ሰው ነው። ስለዚህም ኋላቀርነት የሚለካው በዳቦና በገንዘብ ብቻ ከሆነ፣ ለጋሹ ራሱ ያጣውን ነገር ሳያይ ተቀባዩን ያስተምራል። ይህ አስተሳሰብ በቤተ ክርስቲያኒቱ ዘንድ እስከ ዛሬ ሁለንተናዊ አገልግሎት ይባላል፤ ነፍስንና ሥጋን፣ ስብከትንና ልማትን ሳይነጣጥሉ ሙሉውን ሰው ማገልገል ማለት ነው። ደብዳቤው በፌዴሬሽኑ ውስጥ ሰፊ ክርክር አስነሥቶ በ1974 እ.ኤ.አ. ናይሮቢ ላይ ለዚሁ ጉዳይ ጉባኤ እስከ መጠራት አድርሷል። ከአዲስ አበባ የተነሣ ጽሑፍ የፌዴሬሽኑን መቀመጫ ጄኔቫን አጀንዳ ያስያዘበት ጊዜ እምብዛም አልነበረም፤ የደብዳቤውን አንባቢዎች በመጀመሪያ ያስገረማቸውም ይዘቱ ብቻ ሳይሆን እርዳታ የሚቀበለው ወገን ለጋሹን አፍ አውጥቶ መተቸቱ ነበር።

ለባሌና ለአጎራባቹ ለአርሲ ገበሬ የደብዳቤው ክርክር በዐይን የታየ ነገር ነው። በአርሲ ጭላሎ አውራጃ እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ድጋፍ የተቋቋመው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት (በአጭሩ ካዱ የሚባለው) ማዳበሪያና ምርጥ ዘር አቅርቦ የስንዴ ምርት እንዲጨምር ማድረጉ አይካድም። ይሁን እንጂ ስንዴው ትርፍ ሲያመጣ ባለ መሬቱ ትራክተር ተከራይቶ ራሱ ማረስ ጀመረና ጭሰኛው ከነቤተሰቡ ተባረረ። በመዝገቡ ላይ ልማት ተብሎ የተጻፈው ነገር በገበሬው ቤት መፈናቀል ሆነ ማለት ነው። ፍትሕ የሌለበት ልማት ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ምስክር አያስፈልግም፤ ስለ ምርት እድገት ሲወራ መሬቱ የማን ነው የሚለውን ጥያቄ አስቀድሞ የማንሣት ልማድ በባሌ ደጋ የቆየውም ከዚህ የተነሣ ይመስላል።

የ1966 ዓ.ም. አብዮት ሲፈነዳ ብዙ የሃይማኖት መሪዎች ወይ ዝም አሉ፣ ወይ ለአዲሱ መንግሥት ምርቃት ለመስጠት ተሽቀዳደሙ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ ጭሰኝነት ቀረ፣ የአንድ ቤተሰብ ይዞታም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ተማሪዎች ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ «መሬት ለአራሹ» እያሉ የተሰለፉለት፣ የባሌ ገበሬ ደግሞ ከእነርሱ ቀድሞ ጠመንጃ ያነሣለት ጥያቄ በወረቀት ላይ መልስ አገኘ። በዚያው ዓመት በመካነ ኢየሱስ ስም በወጣው ሐዋርያዊ መልእክትና ጉዲና ለቤተ ክርስቲያኒቱ ፕሬዚዳንት፣ የንጉሡ ሚኒስትር ለነበሩት ለአቶ አማኑኤል አብርሃም፣ በጻፉት ማስታወሻ ውስጥ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ይገኛሉ። አንደኛው ለድሃው የሚደረገውን የፍትሕ ለውጥ ሳያንገራግሩ መደገፍ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ማንኛውም ርዕዮተ ዓለም፣ ሶሻሊዝምም ቢሆን፣ ፍጹም ሆኖ ሊመለክ እንደማይገባና ሙሉ ታማኝነት ለአምላክ ብቻ መሆኑን ማስታወቅ ነው። በማስታወሻው ጉዲና ከዚህም አልፈው፣ ከፖለቲካ ራሱን አግልሎ ዳር የሚቆም ክርስቲያን የፍጥረትን መልካምነትና ሥጋዌን የሚክድ መሆኑን ጻፉ፤ ሥጋዌ በክርስትና ትምህርት አምላክ ሰው ሆኖ በሰው ኑሮ ውስጥ መግባቱ ነውና፣ አምላክ የገባበትን ዓለም ቆሻሻ ነው ብሎ መሸሽ ለአማኝ አይቻልም የሚል ክርክር ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ በውጭ ገንዘብ ላይ ከመንጠልጠል ወጥታ ራሷን እንድትችልም በዚያው አጥብቀው አሳሰቡ።

እዚህ ላይ ስለ አጻጻፋቸው አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። ሥልጣንን የሚነካ ቃል በዚህ አገር ሲነገር የኖረው አብዛኛውን ጊዜ በሰምና ወርቅ፣ ማለትም ላይ ላዩን ሌላ መስሎ ውስጡ ሌላ በሚናገር ስልት ነው፤ ስልቱ ብልሃትም ጥበብም ቢሆን፣ ተናጋሪው ሲጠየቅ «ሰሙን ነው ያልሁት» ብሎ የሚያመልጥበት በር አለው። ጉዲና ያን በር ለራሳቸው አላስቀሩም። ቃላቸው ደረቅ እስኪመስል ቀጥተኛ ነው፤ ርኅራኄያቸው የሚታየውም በለሰለሰ አነጋገር ሳይሆን የሚጽፉለትን ሰው ባለማታለላቸው ነው። በዚህ ረገድ ከነገሥታት ይልቅ ለአምላክ ብቻ እንሰግዳለን በማለታቸው በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ እጅ ከባድ መከራ ከደረሰባቸው ከደቂቀ እስጢፋኖስ መነኮሳት ጋር ቢተያዩ የበለጠ ይገባሉ። የእነዚያን መነኮሳት ታሪክ ለአማርኛ አንባቢ በሰፊው ያስተዋወቁት ጌታቸው ኃይሌም የኖሩት እዚያው ጉዲና በተማሩበት በሚኒሶታ መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ነገር ግን ሁለቱን ገድሎች አጠገብ ለአጠገብ ያነበበ ሰው የጉዲናን ድፍረት ከሉተር ብቻ የተቀዳ ነው ለማለት ይቸገራል።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በብዙዎች የሚታወቀው ክፍል ስለሆነ እዚህ ሊረዝም አይገባም። ወንድማቸው ባሮ ቱምሳ በኦሮሞ ነጻነት ትግል ውስጥ የታወቁ መሆናቸው መንግሥት በጉዲና ላይ የነበረውን ጥርጣሬ አባባሰው፤ ጉዲና ራሳቸውም ታስረው ተፈቱ። የታንዛንያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ከአገር የሚወጡበትን መንገድ ቢያመቻቹላቸውም መንጋዬን ጥዬ አልሄድም ብለው እምቢ አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዑራኤል በሚገኘው የመካነ ኢየሱስ ጸሎት ቤት ሰብከው ሲወጡ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ተያዙ፤ ያፈኗቸው ሰዎች ወይዘሮ ፀሐይን ከከተማው ዳር ወስደው ሲጥሏቸው፣ ጉዲና ግን የት እንደገቡ እስከ 1984 ዓ.ም. አልታወቀም። አጽማቸው የተገኘው በራስ አሥራተ ካሣ ግቢ ነበር፤ በዚያው በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ የተገደሉት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ አጽምም ከዚሁ ግቢ ወጣ። በሕይወት ሳሉ በትምህርተ ሃይማኖት የተለያዩ ሁለት የክርስቲያን መሪዎች በአንድ ወር ተገድለው በአንድ ግቢ መቀበራቸው፣ በጎባ ገበያ ኦርቶዶክሱና ፕሮቴስታንቱ እርስ በርስ በሚተያዩበት ዐይን ላይ ሊጨምር የሚችለው ነገር አለ።

ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ያሉት አንባቢዎች ለጉዲና ያላቸው ምስጋና ግን ሁልጊዜ ከገጾቹ የተነሣ አይደለም። በስማቸው የተቋቋመው የጉዲና ቱምሳ ፋውንዴሽን ጽሑፎቹን ሰብስቦ አሳትሟል፣ የነገረ መለኮት ሴሚናሮችም አዘጋጅቷል፤ የኖርዌዩ ምሁር ኦይቪንድ ኤይደ በአብዮቱና በሃይማኖት ላይ በጻፈው መጽሐፍ የመካነ ኢየሱስን መከራ በዝርዝር መርምሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በሳሙኤል ዮናስ ደሬሳና በሣራ ሂንሊኪ ዊልሰን አርታኢነት የወጣው መጽሐፍ ደግሞ ጉዲናን «የኢትዮጵያ ቦንሆፈር» ይላቸዋል። ዲትሪኽ ቦንሆፈር ናዚዎችን ተቃውሞ ሚያዝያ 1945 እ.ኤ.አ. የተሰቀለው ጀርመናዊ ፓስተር ነው። ንጽጽሩ ለባዕድ አንባቢ በር ይከፍታል፤ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን አንድ ነገር ይሸፍናል። ቦንሆፈር በመንግሥት ላይ የተነሣው በበለጸገው አውሮፓ ሆኖ ሲሆን፣ ጉዲና ግን በአንድ እጃቸው መንግሥትን፣ በሌላው እጃቸው ለቤተ ክርስቲያናቸው እንጀራ የሚልከውን ወዳጅ ይሞግቱ ነበር፤ ከሁለቱ ሁለተኛው ሙግት ይበልጥ ከባድ እንደነበር መገመት አያስቸግርም፤ ጠላትን መቃወም ከወዳጅ ጋር ከመጣላት ይቀላልና። ሰማዕትነቱ ገጾቹን እየሸፈነ፣ የ1964ቱን ደብዳቤ ሳያነቡ የ1971ዱን ሞት የሚያወድሱ ብዙዎች ሆነዋል።

ከሁሉ አስቀድመው ሊጠቀሱ የሚገባቸው አንባቢ ባለቤታቸው ናቸው። ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ከባላቸው መሰወር በኋላ ታስረው ተገርፈው ወደ አሥር ዓመት ገደማ ወኅኒ ከርመዋል፤ በ2017ቱ መጽሐፍ ርእስ ላይ የእርሳቸው ስም ከባላቸው ስም ቀድሞ መጻፉ የአርታኢዎቹ ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ሙሉውን ሰው ማገልገል የሚለው ትምህርት በወኅኒ ውስጥ ምን ያህል እንደሚያዛልቅ የፈተኑት እርሳቸው ነበሩ።

ለባሌ አንባቢ የጉዲና ገጾች የሚከፈቱበት ሌላ በር አለ። ጉዲና በተገደሉበት ዓመት አካባቢ፣ ከሶማሊያ ጋር የተደረገውን የኦጋዴን ጦርነት ተከትሎ፣ የባሌ ገበሬ ተበታትኖ ከኖረበት እየተነሣ በመንደር እንዲሰፍር ተደረገ፤ መንደር ምሥረታ የተባለው ይህ ፖሊሲ ወደ ሌሎች ክፍላተ ሀገራት የተዛመተው በባሌ ከተጀመረ በኋላ ነው። የ1967ቱ አዋጅ ከባለ መሬቱ እጅ ያወጣው መሬት ለአራሹ ሙሉ በሙሉ ሳይደርስ በመንግሥት እጅ ገባ፤ የመንግሥት እርሻዎችም በደጋው ሜዳ ላይ ተዘረጉ። ስለዚህም ለውጡን እየደገፉ ለውጡን እንዳያመልኩ ያስጠነቀቁት የ1967ቱ ገጾች ለባሌ የዕድሜ ባለጸጋ ትርጓሜ አያሻቸውም፤ እርሱ አዋጁ የወጣ ዕለትም ደስ ብሎታል፣ ጎጆውን አፍርሶ ወደ መንደሩ ሲሄድም ነበረ። ሙስሊም በመሆኑም ነገሩን ከሌላ ጎን ይመለከታል፤ በአያቱ ዘመን ክርስቲያን ማለት የለኪው ወገን ከነበረ፣ በእርሱ ዘመን ደግሞ አንድ ክርስቲያን ቄስ ለጭሰኛው ተናግሮ በዚያ ወገን መንግሥት ሳይሆን ጭሰኛውን ነጻ አወጣሁ በሚለው መንግሥት እጅ መሞቱን ይሰማል።

በሮቤ የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ወዲህ የባሌን ዐመፅ፣ የመሬት ይዞታውንና የሙስሊሞቹን ቅዱስ ስፍራ የድሬ ሼክ ሁሴንን ቅርስ የሚያጠኑ ወጣቶች በርክተዋል። ዋናዎቹ የጉዲና ጽሑፎች በእንግሊዝኛ የተጻፉ፣ ለፌዴሬሽንና ለቤተ ክርስቲያን መሪዎች የታሰቡ በመሆናቸው በእነዚህ ጥናቶች አጠገብ ተቀምጠው መነበብ የሚጀምሩት ቢያንስ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ ከማብራሪያ ጋር፣ በገበያ ዋጋ ሲገኙ ነው። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ መጽሐፍ ቅዱስን በአፋን ኦሮሞ አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ1899 ሲያሳትሙ ያነገቡት ሥራ ከዚህ የሚለይ አልነበረም፤ እነርሱም አንባቢው ገና ሳይበረክት መጽሐፉን አስቀድመው አደረሱ።